የመንጋው ዓሣ ታሪክ፦ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ሰበታ ኩሬ

አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች መካከል ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሰንዳፋ የተቆረቆሩበት ምድር ውኃን ለሁለት የሚከፍል ምድር ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚጥለው የክረምት ዝናብ ወደ ሙገር ወንዝ፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ዓባይም ከግድብና ከመስኖ የተረፈውን ይዞ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሰንዳፋ በኩል የሚጥለው ግን በአቃቂና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሓ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ከባሕር ጋር በቀጭን የውኃ ክር የተያያዘች ስትሆን፣ የቀሩት በውኃ መንገድ እንኳ ከባሕር የተለዩ ናቸው።

እንግዲህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳርቻ ዓሣ መጻፍ ምን ይረባል? የሚል ጥያቄ ከአንባቢ ቢቀርብ ተገቢ ነው። መልሱ ከወደ ሰበታ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ በመጀመሪያ የዓሣ ጫጩት ማራቢያ ጣቢያ የነበረውና በኋላ ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሆነው ተቋም ይገኛል። ባሕር የሌለው አገር ስለ ዓሣ የሚያውቀውን ነገር በአብዛኛው የሚያጠናቅረው እዚያ ነው። በኩሬዎቹ ዳር ቆሞ የቆሮሶን ጫጩቶች የተመለከተ ሰው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዓሦች ያለ አዛዥ በአንድነት ሲዞሩ፣ ጥላ ባረፈባቸው ጊዜም እንደ አንድ አካል ሲሸሹ ያያል። ዓሣ ስለ ምን በመንጋ ይሄዳል? ይህንንስ ማን አስተውሎ ጻፈው? የጻፈውስ ከማን ሰምቶ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሲከተሏቸው ወደ ምጽዋና ወደ ዳህላክ፣ ከዚያም ተመልሰው ወደ ጣና ይወስዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እንጠይቃለን።

የዓሣው መልክና ጠባይ

ታሪኩን ከማንሣታችን በፊት ዓሣውን ራሱን እንመልከት። በቀይ ባሕር ዳርቻ ጥቃቅን እንስሳት ኖራ መሰል አጽማቸውን ትውልድ በትውልድ ላይ እየደራረቡ የሠሩት ዐለት አለ፤ ይኸውም የኮራል ዐለት የሚባለው ነው። በዚህ ዐለት ዙሪያ ከሚኖሩት ዓሦች መካከል በብዛቱም በድፍረቱም ዓይን የሚስበው አንዱ አቡደፍዱፍ የተባለው ወገን ነው። ርዝመቱ ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ቁመናው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ዓሣ ነው። ጎኑ ነጣ ብሎ እንደ ብር ያበራል፤ ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርዱ አምስት ጥቋቁር ሰረዞች አሉት፤ በሕይወት ሳለ ጀርባው ቢጫ ነው። ሊቃውንት አቡደፍዱፍ ቫይጊየንሲስ ብለው የሰየሙት ይህ ነው። እንግሊዞች ሰረዞቹን ከወታደር የማዕረግ ምልክት ጋር አመሳስለው «ሳርጀንት» ይሉታል፤ በእኛ ሠራዊት ማዕረግ ሃምሳ አለቃ እንደ ማለት ነው። የቅርብ ዘመዱ አቡደፍዱፍ ሴክስፋሺያቱስ ደግሞ በጅራቱ በሁለቱም ቅርንጫፍ ላይ ጥቁር መስመር ስላለው ጅራቱ የተከፈተ መቀስ ይመስላል። ሦስተኛው፣ አቡደፍዱፍ ሶርዲዱስ የሚባለው፣ ደብዘዝ ያለ መልክ ኖሮት በጅራቱ ሥር ከላይ በኩል ጥቁር ነጥብ ያለው ሲሆን፣ ማዕበል በሚመታው ጥልቀት በሌለው ዐለት መካከል መኖርን ይመርጣል።

ባለ ቢጫ ጀርባው ዓሣ ቀን ቀን በአሥርና በመቶ እየሆነ ከዐለቱ በላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ውኃው ፍሰት አዙሮ ፍሰቱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን ፍጥረት ይለቅማል፤ በዐለቱ ላይ የሚበቅለውንም አልጌ ይግጣል። ትልቅ ዓሣ ወይም የሰው ጥላ ባለፈ ጊዜ መንጋው ይጠብቃል፤ ወዲያውም ወደ ዐለቱ ይወርዳል። ሲመሽ እያንዳንዱ በየስንጥቁ ገብቶ ያድራል።

በመራቢያ ጊዜ ግን ይህ የማኅበር ኑሮ ይቋረጣል። ወንዱ ከመንጋው ተለይቶ አንድ የዐለት ገጽ ይመርጥና በአፉ እየጠረገ ያጸዳል፤ መልኩም ጠቁሮ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። እንስቶቹ እየመጡ በዐለቱ ላይ የሚጣበቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ እንቁላል በሺህ እየቆጠሩ ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ ጥበቃው የአባትየው ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ለጥቂት ቀናት በክንፉ ውኃ እያራገበ፣ የቀረበውንም ሁሉ፣ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላቂ ሰው ሳይቀር፣ እየተወረወረ ያባርራል። የተፈለፈለው እጭ በማዕበል ተወስዶ በክፍት ባሕር ይንሳፈፋል፤ ጥቂት ካደገም በኋላ በሚንሳፈፍ ግንድና የባሕር ሣር ሥር ተጠግቶ ሲጓዝ ይገኛል። እንግዲህ ይኸው አንድ ዓሣ ሁለት ጠባይ አለው ማለት ነው፤ በመንጋው ውስጥ ሳለ ከቶ የማይለይ ተራ አባል ነው፤ በጎጆው ላይ ሳለ ግን ብቻውን የሚዋጋ ዘበኛ ነው።

በቋንቋችን መንጋ ስንል ብዙውን ጊዜ መሪ ያለውን ስብስብ እናስባለን። የከብት መንጋ እረኛ አለው፤ የንብ መንጋ አውራ አለው። የዓሣ መንጋ ግን እረኛም አውራም የለውም። እያንዳንዱ ዓሣ በአጠገቡ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ ይከታተላል፤ ርቀቱን ይጠብቃል፤ እነርሱ ሲዞሩ ይዞራል። ለዚህም የሚረዳው ዓይኑ ብቻ አይደለም። በዓሣ ጎን ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ፣ የውኃን ንቅናቄ የሚያዳምጥ መስመር አለ። በ1976 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዓይናቸው ለጊዜው የተሸፈነባቸው የሰሜን ባሕር ዓሦች በዚህ መስመር እየተመሩ ከመንጋው ጋር አብረው ለመዋኘት ችለዋል። ጥቅሙን በሚመለከትም እንግሊዛዊው ሊቅ ሃሚልተን በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ እንስሳ በሌላው ጀርባ ለመሸሸግ ሲሞክር መንጋ ይፈጠራል የሚል አሳብ አቅርቧል። አዳኙም ከብዙ ተመሳሳይ አካል መካከል አንዱን ነጥሎ ለመያዝ ይቸገራል። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ኅብረትን በፈቃድ የሚደረግ ነገር አድርገን ነው፤ በዓሣው ዘንድ ግን ኅብረቱ እያንዳንዱ ለራሱ ከሚያደርገው ጥንቃቄ ይወጣል።

በወረቀት ላይ የተለጠፈ ዓሣ

አቡደፍዱፍ የሚለው ስም ላቲን አይደለም፤ ከዓረብኛ የተወሰደ የዓሣ አጥማጆች ቃል ነው። ወደ ሳይንስ መዝገብ ያገባው ሰው ፔተር ፎርስኮል ይባላል። በ1732 በሄልሲንኪ ተወልዶ በስዊድን ከታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ ከሊኔዎስ ዘንድ የተማረ ወጣት ነበር። የዴንማርክ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የላከው የምርምር ቡድን በ1761 መጀመሪያ ከኮፐንሃገን ሲነሣ ፎርስኮል የተፈጥሮ ተመራማሪው ነበረ። ቡድኑ በ1762 ከስዊዝ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በመርከብ ጅዳ ገባ፤ ከዚያም ወደ የመን ወረደ። ፎርስኮል በየወደቡ ከአጥማጆች ዓሣ እየገዛና እየጠየቀ መልኩን፣ የክንፉን አጥንት ቍጥርና የአገሬውን ስም ይጽፍ ነበር። በሐምሌ 1763 ግን በየመን ተራራማ አገር የሪም በተባለች ከተማ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። ከስድስቱ ተጓዦች በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የሟቹን ማስታወሻ አሰባስቦ በ1775 አሳተመው።

ፎርስኮል ዓሣን የሚያስቀምጥበት ዘዴ ከዕፅዋት ጥናት የመጣ ነበር። የዓሣውን ግማሽ ጎን ከነቆዳው ገፎ፣ አድርቆና ተጭኖ፣ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ከእነዚህ መካከል ወደ አንድ መቶ የሚጠጉት ዛሬም በኮፐንሃገን ሙዚየም ተጠብቀው ይኖራሉ። ከ250 ዓመት በኋላም የአንድን ዝርያ ማንነት ለማረጋገጥ የሚሻ ሊቅ ወደ እነዚያ ወረቀቶች ይመለሳል። ለትዕግሥቱ ክብር ይገባዋል። ሆኖም በወረቀት የተለጠፈው ቆዳ ሊያሳይ የማይችለው ነገር አለ። ቢጫው ጀርባ ከሞት በኋላ ይጠፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንጋው አይታይም። አንድ ዓሣ በወረቀት ላይ ብቻውን ነው።

በዚህ የተነሣ ከፎርስኮል መጽሐፍ ውስጥ የሕያውን ዓሣ ሽታ የያዘው ነገር ስሙ ነው ለማለት ይቻላል። ቦሃር፣ ካስሚራ፣ ሐረክ፣ መሕሰና፣ ሐሪድ፣ ሶሐል፣ ሲጋን፤ እነዚህ ሁሉ በባሕሩ ዳር የሚነገሩ ስሞች ሲሆኑ፣ ዛሬ በቶክዮም ሆነ በሪዮ የሚገኝ የዓሣ ሊቅ ሳያውቀው የቀይ ባሕርን አጥማጅ ቃል ይናገራል። ካስሚራ የተባለው በቢጫ ጎኑ ላይ አራት ሰማያዊ መስመር ያለው የመንጋ ዓሣ ነው። ሲጋን የተባለው ደግሞ በመንጋ እየዞረ አልጌ የሚግጥ፣ የክንፉ እሾህ መርዝ ያለው ዓሣ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ይህ የሲጋን ወገን ቦዩን ተሻግሮ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በምሥራቅ ሜዲትራንያን ታውቋል፤ ዛሬም በዚያ የባሕር ሣሩን እየጨረሰ ያስቸግራል። እንዲህም ሆኖ ከሱሉልታ ሜዳ የተነሣ ውኃና ከቀይ ባሕር የተነሣ ዓሣ በሦስተኛ ባሕር ላይ ሊገናኙ ችለዋል።

ስሙን ለፎርስኮል የነገሩት አጥማጆች ግን እነማን ነበሩ? መጽሐፉ የዓሣውን ስም እንጂ የነጋሪውን ስም ለዓለም አላስተላለፈም። ይህንን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንሻለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ምጽዋና ጎንደር

ፎርስኮል ያየው የምሥራቁን ዳርቻ ነው። ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ማለት ወደ ምጽዋ፣ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች መካከል ጀርመኖቹ ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤሬንበርግ ይገኙበታል። ሁለቱ ወዳጆች በበርሊን አካዳሚ ድጋፍ በ1820 ጉዞ ጀምረው በግብፅ፣ በሲናና በዓረብ ዳርቻ ዓመታት ካሳለፉ በኋላ በ1825 ምጽዋ ደረሱ። እዚያም ሄምፕሪሽ በትኩሳት ታሞ በሰኔ ወር ሞተ። ኤሬንበርግ ጓደኛውን ቀብሮ የተሰበሰበውን ይዞ ወደ በርሊን ተመለሰ። ከሰበሰቧቸው ዓሦች ብዙዎቹን በይፋ የገለጹት በፓሪስ የነበሩት ኩቪዬና ቫለንሲየን ናቸው፤ ከ1828 ጀምሮ በየክፍሉ በወጣው ሰፊ የዓሣ መጽሐፋቸው ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሦች ሰፊ ቦታ ይዘዋል።

ለእኛ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1794 የተወለደው ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ቀይ ባሕር ተጉዟል። በመጀመሪያው ጉዞው፣ ከ1822 እስከ 1827፣ የሰበሰባቸውን የባሕር ዓሦች በፍራንክፈርት ከነሥዕላቸው አሳተመ። በ1829 የገለጸው ዳሲሉስ ማርጊናቱስ አንድ ቅርንጫፋማ ኮራል እንደ ቤት ይዞ በትንሽ ማኅበር የሚኖር፣ አደጋ ሲመጣ መላው ቤተሰብ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚሰወር ዓሣ ነው። በሁለተኛው ጉዞው ደግሞ በ1831 ምጽዋ ደረሰና ወደ ደጋው ወጣ፤ በስሜን ተራሮች አልፎም በ1832 ጎንደር ገባ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ ስም የሰየማቸው ይኸው ሰው መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከጎንደር ተነሥቶ የጣናን አካባቢ በጎበኘ ጊዜ ዓሣ መሰብሰቡን ግን ከሙያ ባልደረቦቻችን ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ሩፔል በጣና ያደረገው ነገር ፎርስኮል በየመን ወደቦች ካደረገው ጋር ይመሳሰላል። በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ለጣና ዓሦች ጎርጓሪ፣ ሱርቂስ፣ ነድጊያ፣ ቤሶ የሚሉ ስሞችን ሰጠ፤ እነዚህም በአካባቢው ይነገሩ ከነበሩ መጠሪያዎች የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ የባሕሩና የሐይቁ ዓሦች በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ መዝገብ ገቡ፤ አጥማጁ ተናገረ፣ እንግዳው ጻፈ፣ ቆዳው ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ሩፔል በዚያው ጽሑፍ የገለጸው ኢንተርሜዲየስ የተባለው ዓሣ ደግሞ ከጣና አልፎ በአዋሽም የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሰበታ ላይ ለሚሠራ ባለሙያ የጎረቤት ዓሣ ነው።

ከውኃው በታች መመልከት

የመንጋው ጠባይ በሚገባ መጠናት የጀመረው ሰው ራሱ ከውኃው በታች ገብቶ መቆየት ከቻለ ወዲህ ነው። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 የመተንፈሻውን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ የባሕር ውስጥ ጥናት አዲስ መልክ ያዘ። በ1952 እና በ1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የኢጣሊያ ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ፤ ጊዜው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችበት ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዱ ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ፊልም በ1954 ሲታይ፣ የዳህላክ የዓሣ መንጋ በሕይወቱና በቀለሙ ለዓለም ታየ። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ወደ ዳህላክ ሁለት የሳይንስ ጉዞዎች አድርገው ውጤታቸውን በተከታታይ አሳትመዋል።

ከውኃ በታች መመልከት ምን ያህል እንደሚያስተምር ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በቀይ ባሕር ዐለቶች ላይ ብርቱካናማ ደመና መስሎ የሚታይ አንቲያስ የሚባል የመንጋ ዓሣ አለ። በመንጋው ውስጥ ብዙ እንስቶችና ጥቂት ወንዶች ይገኛሉ። ሌቭ ፊሸልሰን የተባለ ሊቅ በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ወንዱ ከመንጋው ሲወገድ ከእንስቶቹ አንዷ መልኳንና ጾታዋን ለውጣ ወንድ እንደምትሆን አስረዳ። በወረቀት ላይ የተለጠፈ ቆዳ፣ በአልኮል የተቀመጠ ሬሳም ይህን ሊናገር አይችልም ነበር። መንጋው ካልታየ አንዱ ዓሣ እንኳ አይታወቅም፤ የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ ትምህርት በአጭሩ ይኸው ነው።

በእነዚያው ዓመታት በምጽዋ አካባቢ የመንጋ ዓሣ ሌላ ፊት ነበረው። በ1950ዎቹ ሰርዲንና ሌሎች ትንንሽ የዳርቻ ዓሦች በብዛት እየተያዙ የዓሣ ዱቄት ሆነው ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። አንዱ መንጋውን እንደ ፍጥረት ይመለከታል፤ ሌላው እንደ ኩንታል ይመዝነዋል። ሁለቱም ያስፈልጉ ይሆናል፤ ነገር ግን መዛኙ ከተመልካቹ ቀድሞ የሄደ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ ለማየት ከባሕሩ ወደ ሐይቁ መመለስ አለብን።

የጣና መንጋ

የጣና ሐይቅ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ስለ ሆነ ዓሦቹ ከታችኛው ዓባይ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዘመናት ኖረዋል። ነጭ ዓሣ እየተባሉ በጅምላ የሚጠሩት ትልልቅ ባርቦች በዚህ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው ብዙ ዝርያ ሆነዋል። ሩፔል ከለያቸው ጥቂቶች ተነሥተው ኔዘርላንዳውያኑ ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት 15 ዝርያዎችን ለይተው አሳይተዋል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ መሆናቸው በዚህ ጥርስ አልባ ወገን ዘንድ እንግዳ ነገር ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በጉማራ፣ በርብና በሌሎች ገባር ወንዞች አፍ ላይ በመንጋ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ውኃው ሲሞላ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር በበዛበትና ውኃው ንጹሕ በሆነበት ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ በሐይቁ ዳር የሚያጠምዱት ወይጦዎችና ሌሎች የሐይቁ ሰዎች ይህንን ወቅት ከማንም በፊት ያውቁታል። አጥማጁ መንጋው መቼና የት እንደሚቆም ካላወቀ አይበላምና።

በ1986 ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። የታሰበው መልካም ነበር፤ ለከተማው ገበያ ዓሣ ማቅረብና የአጥማጁን ገቢ ማሻሻል ነው። ይሁን እንጂ መረቡ በወንዝ አፍ ላይ በተዘረጋ ጊዜ የሚይዘው ሊራባ የተሰበሰበውን መንጋ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ የተደረጉት ተከታታይ ልኬቶች ሲነጻጸሩ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የትልልቆቹ ባርቦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የወጣቶቹ መመናመን ደግሞ ከዚያ የከፋ ነበረ። ከአዳኝ የሚያድነው መሰብሰብ ከመረብ አያድንም፤ እንዲያውም መረቡ እጅግ የሚመቸው ለተሰበሰበ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው መንጋው በዚህ መጠን ከተመናመነ በኋላ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በጣና ክፍት ውኃ ላይ ከአሥር ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በብዙ መንጋ እየሄደ ጥቃቅን ፍጥረትን የሚለቅም ባርብ ይኖራል። ብዛቱ ከፍ ያለ፣ ለትልልቆቹ አዳኝ ዓሦችም ዋና ምግባቸው የሆነ ዓሣ ነው። ሩፔል ጎንደር ከገባ ከ160 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2000፣ ደ ግራፍ፣ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው ታናፔላጊየስ የሚል ስም ሰጥተው እስኪገልጹት ድረስ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በሳይንስ መዝገብ አልሰፈረም ነበር። በሐይቁ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ዓሣ በመጨረሻ የተሰየመው ለምንድን ነው? ትንሽ ስለ ሆነ፣ ለገበያም ስለማይፈለግ ነው። እኛም እንደ መረቡ ዓይን ትልቁን ይዘን ትንሹን አሳልፈናል ማለት ነው።

ወደ ሰበታ መመለስ

በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የዳህላክ ዐለቶችና መንጎቻቸው በኤርትራውያን ጠባቂነት ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ባሕር የሌላት አገር ሆናለች። በዚህ የተነሣ ስለ ባሕር ዳርቻ ዓሣ የተጻፈውን ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ የሚተው ባለሙያ ሊኖር ይችላል። ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ይመስለናል። ምክንያቱም የእውቀት ታሪክ በድንበር አይቆረጥም። ሩፔል በአንድ ጉዞ ውስጥ ከምጽዋ ዐለት ወደ ጣና ዳር መጥቷል። የባሕሩን ዓሣ ለማወቅ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀውን ስሕተት በሐይቃችን ላይ እንዳንደግመው ታሪኩን ማወቅ ይገባናል።

ስሕተቱም ሁለት ነው። አንደኛው ነጠላውን ዓሣ ይዞ መንጋውን መርሳት ነው። አንድን ዝርያ ለመጠበቅ መልኩንና ክብደቱን ማወቅ አይበቃም፤ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው የወንዝ አፍ እንደሚቆም፣ ምን ሲሰማ እንደሚበተን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን ተቀብሎ ተናጋሪውን መርሳት ነው። ጎርጓሪን፣ ሱርቂስንና ነድጊያን ለሩፔል የነገሩት የጣና ሰዎች ስም የለንም። ቦሃርንና ካስሚራን ለፎርስኮል የነገሩትም እንደዚሁ። ስሙ ዓለምን ዞረ፤ ሰጪው ከዳርቻው ሳይነሣ ተረሳ።

ለሁለቱም ስሕተት ማረሚያው አንድ ነው፤ ዋጋውም ውድ አይደለም። ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ጫሞ የሚወርድ ባለሙያ ሁሉ ሚዛኑንና መለኪያውን ሲይዝ ማስታወሻ ደብተርም ይያዝ። አጥማጁ እያንዳንዱን ዓሣ ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ትንሹን ከትልቁ፣ የክረምቱን ከበጋው በምን እንደሚለየው፣ መንጋውን የት እንደሚጠብቀው ይጻፍ፤ ፈቃዱን ጠይቆም የተናጋሪውን ስም ከቃሉ አጠገብ ያስፍር። በደንገል ታንኳ ላይ ያረጁት ሰዎች እያለፉ ናቸው፤ እነርሱ ያልነገሩንን ማንም ሙዚየም አያስቀምጥልንም።

ይህንን ስንጽፍ በሰበታው ኩሬ ዳር ያየነው የቆሮሶ ጫጩት መንጋ ከዓይናችን አልጠፋም። በቀይ ባሕር ዐለት ላይ እንቁላሉን የሚጠብቀው አባት ነው፤ በቆሮሶ ዘንድ ግን እናት ናት። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም በአፏ ፊት በመንጋ ይዞራሉ፤ ጥላ ያረፈ እንደ ሆነ ተንጋግተው ወደ አፏ ይመለሳሉ። አንድ ሰው ጥላውን ከኩሬው ላይ አንሥቶ ዝም ብሎ ቢቆም፣ ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ተሰብስበውም እንደገና መዞር ይጀምራሉ። ይህንን ለማየት የሚያስፈልገው ባሕር አይደለም፤ ጥላን ማንሣትና መታገሥ ነው።